ተቆርጦ የወጣው መግቢያ

አዲሳለም ፈለቀ ሽሮ ሜዳ፣ በአክስቷ ሱቅ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ትሸጣለች። ደንበኛ ስታይ ፊቷ ይፈካል። ነጠላውን በአንድ እጇ ዘርግታ፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን አዙራ፣ «የእጅ ሥራ ነው፤ ንኪው እስቲ» ስትል እጁን ሳይዘረጋ የሚያልፋት ሰው ጥቂት ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ግን ስልኳን አውጥታ ያየችውን ሁሉ ትቀርጻለች። ጨርቅ ተሸክሞ ሰው መሀል የሚሹለከለከውን ወዛደር፣ ደጃፉ ላይ የተጋደመችውን ድመት፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ሸራ ለመወጠር የሚሯሯጡትን ነጋዴዎች። አክስቷ ሠርካዲስ መጀመሪያ ላይ «ስልክ ከምታሺ ዕቃ አጣጥፊ» እያለች ትቆጣት ነበር። ኋላ ለመደችውና «ዛሬስ ማንን ቀረጽሽ?» ማለት ጀመረች።

አባቷ አቶ ፈለቀ ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጨንቻ መጥተው ጉለሌ ላይ ኑሮ መሠረቱ፣ አገቡ፣ አዲሳለምን ወለዱ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሳቸው ሲሸምኑ ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እሷ ታማ ካረፈች ወዲህ ፈትሉን ከገበያ እየገዙ ይሠራሉ። ድሮም ዝምተኛ ነበሩ፤ ከሐዘኑ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ሆኑ።

የሰፈሩ የወጣት ማዕከል «አጫጭር ፊልም የሠራችሁ አምጡ፤ ለሰፈሩ ሰው እናሳያለን» ብሎ ባስነገረ ጊዜ አዲሳለም ስለ አባቷ ለመሥራት ሁለቴ አላሰበችም። አቶ ፈለቀ ግን ግራ ገባቸው። «የእኔ ምኑ ይታያል?» አሏት።

«ሥራህ ነዋ፣ አባዬ።»

«ሥራዬን እያየሽው አይደል? ጨርቁ ላይ አለ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እምቢ ግን አላሏትም።

አንድ ማለዳ ስልኳን በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስደግፋ ስትቀርጻቸው ነው ነገሩ የሆነው። አቶ ፈለቀ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ እያሳለፉ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ጨረር ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፏል። የጎረቤት ሬዲዮ ከግድግዳው ማዶ ያወራል። በመሀል ክሩ ተበጠሰ። አቶ ፈለቀ እጃቸውን ገቱ። ሁለቱን ጫፎች ፈልገው አገኙ፣ በምራቃቸው አራሱ፣ በጣታቸው እያሹ አገናኙና ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«የእናትሽ ፈትል እንዲህ አይበጠስም ነበር» አሉ።

ከዚያ ስልኩ እየቀረጻቸው እንደሆነ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። እንደ ማፈር ብለው ፈገግ አሉ። ዓይናቸውን በትከሻቸው ጠረግ አድርገው መወርወሪያውን አነሱ።

አዲሳለም ከስልኩ ኋላ ቆማ አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷ እንዲህ አድርገው አንስተዋት አያውቁም። የፊልሟ መጀመሪያ ይህ እንደሚሆን እዚያው ቆማ ወሰነች።

የፊልም ነገር ሲነሳ የምታማክረው ሰው አክሊል ነበር። አክሊልና አዲሳለም ዊንጌት አብረው ተምረዋል። እሱ አሁን ከታክሲ ማቆሚያው አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሠርግና ልደት ይቀርጻል፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ለሙሽሮች ፎቶ የሚሆን የፕላስቲክ አበባ የተንጠለጠለበት ግድግዳ አለ። የሰው ደስታ ሲቀርጽ ዓመታት ያለፉት፣ የራሱን ፊልም ግን ገና ያልሠራ ልጅ ነው። «አንድ ቀን ኬክ መቁረስ መቅረጽ አቆማለሁ» ይላል ሁልጊዜ። አዲሳለም ስልኳ ስለሞላ የቀረጸችውን ሁሉ እሱ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ ከስልኳ አጠፋችው። መቆራረጡንም የምትሠራው እዚያው፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እያሳያት ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጂ እንደጨረሰች ጓደኞቿን ጠራች። ከአክሊል ሌላ ሃዊና ሰምሀል መጡ። ሃዊ የሠርካዲስ ሱቅ አጠገብ ያለው ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ሳቂታ ልጅ ናት። ሰምሀል ግን ከጓደኛም በላይ ነበረች፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። ልጅ ሆነው ሁለቱንም በየተራ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ የምትሠራቸው የአዲሳለም እናት ነበረች። ሰምሀል ድምፅዋ ያምራል፤ በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያናቸው ማስታወቂያ የምታነበው እሷ ናት።

አይተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የተናገረችው ሃዊ ነበረች። «እኔ እንጃ፣ አለቀስኩ» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «ትንሽ ሙዚቃ ቢገባበትስ?»

አክሊል ሥዕሉን አቁሞ ወንበሩን ወደ አዲሳለም አዞረ። «እንደ ጓደኛ በግልጽ ልንገርሽ?»

«ለሱ አይደል የጠራኋችሁ?»

«ይሄ መግቢያ አይሆንም። ተመልካቹ ሰውዬውን ገና አላወቃቸውም፤ ሳያውቃቸው ለምን ያዝንላቸዋል? ድምፁንም ስሚው፣ ሬዲዮ ገብቶበታል። ግማሽ ፊታቸው ደግሞ ጨለማ ነው።»

«ጨለማውን እኮ ወድጄው ነው።»

«አንቺ ልጃቸው ስለሆንሽ ነዋ። አንቺ የምታዪውን ሰው አያይልሽም።»

እውነት ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች አዲሳለም፤ ልጃቸው ባትሆን ምኑ ያስለቅሳታል?

«እኔ ግን...» ብላ ሰምሀል ጀመረች።

«በሰፊው ነው መጀመር ያለበት» አለ አክሊል አቋርጧት። «እንጦጦ ውጡ። ማርያም ጋ ቆማችሁ ከተማዋን ከላይ አሳዩን፤ ከዚያ ወደ ገበያው ውረዱ። ሰው የት እንዳለ ይወቅ።»

ሰምሀል የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀረች።

በማግስቱ አዲሳለምና ሰምሀል እንጦጦ ወጡ። ጉም ስለነበር ከተማዋ እስክትገለጥ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ ሲስቁ አረፈዱ። አዲሳለም ያን ማለዳ አሁንም ልትጠላው አልቻለችም። የቀረጸችው ያምር ነበር፤ አክሊል ሲያየው «አየሽ? ፊልም እንዲህ ነው» አላት። የአባቷን ትዕይንት ወደ መሀል ወሰደችው። አክሊል እንደገና አይቶ «መሀሉ ላይ ጎተተብሽ» አለ። አሳጠረችው። «አሁን ደግሞ ተቆራርጦ ምንም አይል፤ በቃ አውጪው።» አዲሳለም ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ግን በገዛ እጇ ቆርጣ አወጣችው። ያን ቀን ቤት ስትገባ አባቷን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

ፊልሞቹ የሚታዩበት ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ፈለቀ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከልጃቸው ጋር መጡ። ሠርካዲስ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሃዊ ቦታ ይዛ ጠበቀቻቸው። አክሊል «ሠርግ አለብኝ፤ ከደረስኩ እመጣለሁ» ብሏት ነበር፤ ሰምሀልም አልታየችም።

አንድ ሁለት ፊልም ካለፈ በኋላ ግድግዳው ላይ የአቶ ፈለቀ እጅ ታየ። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ። ክሩ ተበጠሰ።

አዲሳለም ከወንበሯ ብድግ አለች። የድሮውን ቅጂ በስሕተት የከፈቱት መስሏት ነበር፤ መሣሪያው ጋ ለቆመው ሰው «ይሄኛው አይደለም!» ልትለው አፏን ከፍታለች። «የእናትሽ ፈትል እንዲህ አይበጠስም ነበር» የሚለው የአባቷ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሬዲዮው ጠፍቶ ዋሽንት ገብቶበታል። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፦ «የተረሳ እጅ፤ ዝግጅት አክሊል»።

አልተቀመጠችም፣ አልወጣችም። እንደቆመች ቀረች። ከዋሽንቱ ሥር የሴት ድምፅ ተነሳ፦

«ሚስቱ ሞታለች። ልጆቹ ትተውት ሄደዋል። ሚስቱ የፈተለችለትን ክር እያስታወሰ፣ ይህ አዛውንት ጠያቂ በሌለበት ጎጆ ብቻውን ይሸምናል።»

የሰምሀል ድምፅ ነበር። በልጅነቷ ከግቢው ማዶ «አዲስዬ ነይ» ብሎ ይጠራት የነበረ፣ እናቷ ያረፈች ቀን ለቀስተኛው መሀል ጆሮዋ ሥር «አለሁልሽ» ያላት ድምፅ። አሁን በዚያው ልስላሴ አባቷን ብቻቸውን አስቀራቸው።

አቶ ፈለቀ የልጃቸውን ቀሚስ ጫፍ ይዘው ሳብ አደረጉ። «ማን ነው የሄደው?» አሉ በሹክሹክታ። «ስለ እኔ ነው የምትለው?»

አዲሳለም ተቀመጠች።

ጭብጨባው ቶሎ አልበረደም። ቀጥሎ የእሷ ፊልም መጣ፤ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከተማዋ ከላይ፣ ገበያው። አባቷ ገና ብቅ ሲሉ ከኋላዋ አንዱ «እኚሁ ሰውዬ እንደገና?» አለ፤ ሌላው «ኮርጃ ነዋ» ሲል መለሰለት። ሃዊ ዞራ «ዝም በሉ!» አለቻቸው። መጨረሻ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የተጋበዙ አንዲት ሴት ተነስተው፣ ክፉ ሳያስቡ፣ «ሁለቱ ፊልሞች አንድ ሰው ላይ መሠራታቸው የሚገርም ነው። የአክሊል ገና ከመነሻው ልብ ይይዛል። የአዲሳለም መግቢያ ግን የቱሪስት ማስታወቂያ ይመስላል» አሉ።

አክሊል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሠርግ አልነበረበትም። ሰምሀልም ከእሱ ጀርባ ነበረች።

አዲሳለም አባቷን ለአክስቷ ሰጥታ ወደ እነሱ ሄደች። «ምን አደረግሁህ?» አለችው።

«አዲስ፣ ተረጋጊ። ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«እ... ማለቴ፣ ሥራ በዛብኝና... ደግሞ አንቺ ጥለሽው ነበር እኮ። ኮምፒውተሬ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ቆንጆ ነገር መና ከሚቀር ብዬ ነው።»

«ቆንጆ? ድምፁ ተበላሽቷል፣ ፊታቸው ጨለማ ነው ያልከኝ ማን ነው?»

«አስተያየት ነው የሰጠሁሽ። አላስገደድኩሽም።»

እውነቱን ነው፤ አላስገደዳትም። የቆረጠችው ራሷ ናት። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላትም ይኸው ነበር።

«አውጪው ስትለኝ ለራስህ አስበኸው ነበር?»

አክሊል ወደ መንገዱ አየ። «ያኔ አይደለም። ኋላ ነው» አለ። እውነት ይሁን ውሸት አዲሳለም እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ወደ ሰምሀል ዞረች። ሰምሀል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ወረቀት ሰጥቶ አንብቢልኝ አለኝ፤ ሥዕሉን አላሳየኝም። ስለ ጋሼ ፈለቀ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ሚስቱ የፈተለችለትን ክር ብለሽ እያነበብሽ?»

«አዲስንም ጠይቄያታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች ሰምሀል።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? በየቀኑ አይደል የምንገናኘው?»

«ፈራሁ» አለች ሰምሀል። «እምቢ እንዳትይው ፈራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ፊልም ላይ ሊገባ...» ሳትጨርሰው አለቀሰች። አዲሳለም ብታለቅስ ትወድ ነበር፤ አልመጣላትም።

ጉዳዩ አዳራሹ ውስጥ ቢቀር ኖሮ በጊዜ ይረሳ ነበር ይሆናል። አክሊል ግን ፊልሙን ገጹ ላይ ለቀቀው። ሰው ወደደው፤ እየተቀባበለም አራገበው። ጨንቻ ድረስ ዘለቀ። የአቶ ፈለቀ ታላቅ ወንድም ደውለው በአገራቸው ቋንቋ ሲጮሁ ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ወንድማቸው በጎጆ ተጥሎ ሲሸምን ማየታቸውን፣ ልጅ የተባለችው የት እንደገባች ሊጠይቁ ነው የደወሉት።

«እዚሁ አጠገቤ ናት» ይላሉ አቶ ፈለቀ። «እራት እያቀረበችልኝ ነው። አይ፣ ከአንድ ልጅ በቀር የለኝም፤ እሷም ይቺው ናት። ኧረ አልሄደችም።»

ወንድማቸው አላመኑም። አዲሳለም ስልኩን ተቀብላ ስታናግራቸው «አሁን ነው የመጣሽው፣ ሲታወቅብሽ?» አሏት። በሌላ ቀን ደግሞ አንዲት የቆየች ደንበኛ ሱቅ መጥታ ቀሚስ እየለካች፣ «ለነገሩ አባትን መጠየቅ ጥሩ ነው» ብላት ሄደች። ሠርካዲስ ተከትላ ልትሰድባት ስትል አዲሳለም እጇን ያዘቻት።

አዲሳለም አክሊልን ሁለተኛ ላታየው ምላ ነበር። «እንሂድ» ያሏት አባቷ ናቸው። አንድ ጠዋት ሥራቸውን አቁመው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «የዚያን ልጅ ቤት አሳዪኝ» አሏት።

አክሊል ሲያያቸው ደንግጦ ተነሳ። «ጋሼ ፈለቀ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አቶ ፈለቀ አልተቀመጡም። የፕላስቲክ አበባውን አዩ፣ ኮምፒውተሩን አዩ። «ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እቤቴ መጥተህ በልተህ ታውቃለህ። ልጄን ታውቃታለህ። ለምን ብቻዬን አደረግኸኝ?»

«ጋሼ፣ ፊልም ስለሆነ እኮ ነው... ሰው እንዲያዝን...»

«እንዲያዝንልኝ ማን ለመነህ?»

አክሊል አንገቱን ደፋ። ወዲያው ፊልሙን ከገጹ ላይ አወረደው፤ ሰዎች ወስደው የየራሳቸው ገጽ ላይ ያደረጉትን ግን ማውረድ አይችልም። አዲሳለም የቀረጸችውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። «ከፈለግሽ ቀረጻ አዲሳለም ብዬ ስምሽን አስገብቼ እንደገና...» ማለት ሲጀምር ፍላሹን ከእጁ ወስዳ ወጣች።

መንገድ ላይ አባቷ «ያችን ነገር ፊልምሽ ውስጥ መልሻት» አሏት።

«ሰው እኮ አየው፣ አባዬ። ተበላሸ።»

«እኔ ያልኩት አልተበላሸም። ከኋላ የምታወራዋ ናት የዋሸችው።»

ስልኳ ላይ መቁረጥ በሚያስችል መተግበሪያ፣ እየተሳሳተች፣ እንደገና እየጀመረች ብቻዋን ሠራችው። እንጦጦን አወጣች። ሬዲዮው እንዳለ ቀረ፤ ጨለማውም። ስትጨርስ የምታሳየው ሰው አጣች። ስልኩን አንስታ፣ የማንን ስም እንደምትነካ ሳታውቅ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ለአባቷ አሳየች።

አቶ ፈለቀ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አዩ። «አጠረ» አሉ።

«ምኑ?»

«ክሩን ከቀጠልኩ በኋላ ሥራዬን ይዣለሁ እኮ። እሱን ለምን ቆረጥሽው? ሰው እዚያው ተክዤ የቀረሁ ይመስለዋል።»

አዲሳለም ሳቀች፤ ካዳራሹ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሄዳ አስረዘመችው። አባቷ ዓይናቸውን ጠርገው መወርወሪያውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ይሸምናሉ፣ ይሸምናሉ፣ ጨርቁ ጥቂት በጥቂት ሲያድግ ይታያል። ፊልሙን ገጿ ላይ ስትለቀው ብዙ ሰው አላየውም። ካዩት አንዱ ሥሩ «የአክሊልን ሥራ ሰርቃ» ብሎ ጻፈባት። ሃዊ ተናዳ ረጅም መልስ ልትጽፍለት ስትል አዲሳለም «ተዪው» አለቻት። መግቢያውን ግን አልነካችውም።

ክረምቱ እንደወጣ ሰምሀል ሱቁ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ከስታለች። በዚህ መሀል ብዙ መልእክት ልካ ነበር፤ አዲሳለም ሁሉንም አንብባለች፣ አንዱንም አልመለሰችም።

«አዲስዬ» አለች ሰምሀል።

አዲሳለም ቀና አለች። ፊቷ እንደ ልማዷ ፈካ። ከመደርደሪያው አንድ ነጠላ አንስታ ዘረጋችና ጥለቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። «ግቢ። ለራስሽ ነው ለስጦታ?»

«ላናግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ይሄ ለበዓል ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ከፈለግሽ ደግሞ ሌላ አለ።»

ሰምሀል ነጠላውን ጫፉን ነካችው። «እሺ... ሌላ ጊዜ» ብላ ወደ ታክሲው አቅጣጫ ሄደች።

«ማን ነበረች?» ብላ ሠርካዲስ ከውስጥ ጠየቀች።

«ደንበኛ ናት» አለች አዲሳለም፤ ነጠላውንም አጣጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው።